የቤቱ ራስ ማን ነው? በክርስትናና በእስልምና የቤተሰብ ኃላፊነት ላይ የተካሄደ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

የክሩ (የዚህ የመድረክ ውይይት) ከፋች በጥያቄ ቢጀምሩም የጻፉት ድምዳሜ ነበር። ክርስትናና እስልምና በብዙ የእምነት አንቀጽ ቢለያዩም ስለ ቤተሰብ የሚያስተምሩት አንድ ነው ይላሉ፤ ባል ያዝዛል፣ ሚስት ትታዘዛለች፣ ልጅም ይታዘዛል። ለማስረጃም ከኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 22ን እና ከሱረቱ ኒሳእ (የቁርኣን ምዕራፍ 4) ቁጥር 34ን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ትዳር የሚናጋው ይህ ሥርዓት ሲጣስ መሆኑን ገልጸው፣ የሁለቱም እምነት ተከታዮች በዚህ ይስማሙ እንደሆነ ጠይቀው ጽሑፋቸውን ዘግተዋል። አጻጻፋቸው ጨዋ ነው፤ ማንንም አልነቀፉም። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እዚህ የማቀርበው በመካከላቸው የተነሣ አንድ ሐሳብ ከቀረው ክርክር ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ለከፋቹ ምስጋና አቅርበው በሐሳባቸው እንደሚስማሙ ገለጹ። የቆላስይስ መልእክት ምዕራፍ 3 እና የጴጥሮስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ያንኑ ቃል እንደሚደግሙት አስታውሰው፣ በእስልምና በኩል ደግሞ የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ ሁላችሁም እረኞች ናችሁ፣ በእጃችሁ ስላለው ትጠየቃላችሁ የሚለውን የታወቀ ሐዲስ ጨመሩ።

መልስ 2

ሁለተኛዋ መላሽ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያሻማ ቃል እርማት አቀረቡ። የኤፌሶኑ ክፍል ከቁጥር 22 ሳይሆን ከቁጥር 21 መነበብ እንዳለበት፣ በዚያም አማኞች ሁሉ ክርስቶስን በመፍራት አንዳቸው ለሌላው እንዲገዙ መታዘዛቸውን አመለከቱ። ከዚያ ቀጥሎ ለሚስቶች የተነገረው ሦስት ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ከቁጥር 25 አንሥቶ እስከ ምዕራፉ ፍጻሜ ያለው በአብዛኛው ወደ ባል የሚያመለክት ነው፤ የሚጠየቀውም ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ እርሱም ስለ ሚስቱ ራሱን እንዲሰጥ ነው። ክርስቲያኖች ራሳቸው በዚህ ክፍል ላይ አንድ ንባብ እንደሌላቸውም አሳይተዋል። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ሴቶች ክብር በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት መገዛቱ የሁለቱም ወገን መሆኑን ሲያስተምሩ፣ የአሜሪካ ደቡባዊ ባፕቲስቶች ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በእምነት መግለጫቸው ላይ ሚስት በባሏ የአገልጋይነት አመራር ሥር በበጎ ፈቃድ እንድትገዛ የሚያዝዝ አንቀጽ ጨምረዋል። ስለዚህ ክርስትና አንድ ነገር ይላል ብሎ ከመነሣት በፊት የትኛው ቤተ ክርስቲያን ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይህ የጸሐፊዋ ማጠቃለያ ነው፤ እኔም ትክክል ይመስለኛል።

መልስ 3

ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) የሚያስተምሩ አንዲት ሙስሊም መላሽ ተመሳሳይ እርማት ለሱረቱ ኒሳእ አቀረቡ። አንቀጹ ወንዶች በሴቶች ላይ ኃላፊዎች መሆናቸውን ሲናገር ምክንያቱን አብሮ ይሰጣል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ከገንዘባቸው የሚያወጡት ወጪ ነው። ኃላፊነቱ ከቀለብ፣ ከልብስና ከመጠለያ ግዴታ ጋር ተጣብቆ የመጣ በመሆኑ ግዴታውን ትቶ ሥልጣኑን ብቻ የሚይዝ ሰው ከአንቀጹ ግማሹን ቆርጦ እንደጣለ ይቆጠራል። በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 187 ባልና ሚስት አንዳቸው ለሌላው ልብስ መሆናቸውን፣ በሱረቱ ሩም ቁጥር 21 በመካከላቸው ፍቅርና እዝነት መደረጉን ካስታወሱ በኋላ በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 233 (2፥233) ላይ ሰፋ ብለው ቆዩ። እዚያ የሚነሣው ጉዳይ እጅግ ትንሽ የሚመስል የቤት ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ጡት የሚጥልበት ጊዜ። አምላክ ለዚህ እንኳ አባትና እናት ተማክረውና ተስማምተው እንዲወስኑ መደንገጉ ስለ ቀሩት ትልልቅ ውሳኔዎች ምን ያስተምረናል ብለው ጠየቁ።

መልስ 4

አጭር ነው፤ ሁለቱን እህቶች ያመሰግናል፤ ከፋቹም ጥቅሶቹን ሙሉ በሙሉ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል።

መልስ 5

ከላይ የጠቀስኩት ሐሳብ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶችን ሲያማክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በሥራቸው ደጋግመው ያስተዋሉት ነገር ባሎች በቃላቸው የሚይዙት ለሚስቶች የተጻፈውን፣ ሚስቶችም ለባሎች የተጻፈውን መሆኑን ነው። ሐዋርያው ግን ባልን ሚስትህን አስገዛት ብሎ አላዘዘም፤ መገዛትን የተናገረው ለራሷ ለሚስት ነው፤ መውደድንም የተናገረው ለራሱ ለባል ነው። ቁርኣንም እንደዚሁ መህርን (ባል ለሚስቱ የሚሰጠውን የጋብቻ ስጦታ) ስለ መስጠት በ4፥4፣ በመልካም ስለ መኗኗር በ4፥19 ሲያዝዝ ቃሉ በቀጥታ ወደ ወንዶቹ ነው። በኤፌሶን 6 ልጆች ወላጆቻቸውን እንዲታዘዙ ከተነገራቸው በኋላ ወዲያውኑ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ይነገራቸዋል፤ ሁለቱ ትእዛዛት ሁለት የተለያዩ ባለቤቶች አሏቸው።

ጸሐፊው ይህን ለማስተማር የሚጠቀሙበትን ዘዴም ገልጸዋል። ለእያንዳንዱ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ለእርሱ ወይም ለእርሷ የተነገሩትን ቃላት ብቻ ጽፈው ይሰጣሉ፤ ገጹም በሌላኛው ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ከተነበበ በኋላ አንባቢው መጠየቅ የሚችለው ስለ ራሱ ገጽ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላኛው ገጽ ማንሣት አይፈቀድለትም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚሉት እንደሚጠፋቸው፣ አንዳንዶችም ገጹ ተሳስቶ የተሰጣቸው መስሏቸው ገልብጠው እንደሚያዩት ጽፈዋል። ክርክሮቻችን አብዛኛውን ጊዜ የማይቋጩት እያንዳንዳችን የሌላውን ገጽ ይዘን ስለምንቀርብ ነው ብዬ አምናለሁ። የመክፈቻው ጽሑፍም በደፈናው ባል ያዝዛል ሲል ያነበበው የሚስትን ገጽ ነው።

መልስ 6

የሕግ ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ መላሽ ይህን ሐሳብ በከባድ ጥያቄ ፈተኑት። ሰው ሁሉ የራሱን ገጽ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ገጹን አንብቦ የማይፈጽመውን ማን ይጠይቀዋል? በእስልምና የሚስት ነፈቃ (ቀለብና መተዳደሪያ) ምክር ብቻ አይደለም፤ ከልካይ ባል ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ፊት ቀርቦ የሚገደድበት መብት ነው። ያልተከፈለ መህርም በባል ላይ ያለ ዕዳ በመሆኑ ቢሞት እንኳ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ከንብረቱ ላይ ይነሣል። የአዲስ ኪዳኑ ቃል በአንጻሩ ምክርና ትእዛዝ እንጂ በራሱ የፍርድ ቤት ሥርዓት አልነበረውም፤ በሕግ መልክ የተደነገገው ኋላ በአብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ነው። በእኚህ ጸሐፊ እምነት በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ እንጂ ማን ራስ ነው በሚለው ላይ አይደለም።

መልስ 7

አማካሪው ተመልሰው ተቃውሞውን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ወሰን አበጁለት። መብት በተጣሰበት ቤት የተበደለ ሰው የሌላውን ግዴታ አንሥቶ ፍርድ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እርሳቸው የሚናገሩት ገና ስላልፈረሰ ቤት ነው። ይህ መለየት አስፈላጊ ነው፤ ባይጨመር ኖሮ መልስ 5 ለበዳዮች መሸሸጊያ በሆነ ነበር።

መልስ 8፣ 9 እና 10

ውይይቱ ወደ ቤት ውስጥ ሥራ ዞረ። ስምንተኛዋ መላሽ ብዙዎቹ የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት) ሊቃውንት ምግብ ማብሰልና ቤት ማጽዳት ሚስት በሕግ የምትገደድበት ግዴታ እንዳልሆነ መጻፋቸውን አመጡ፤ ብትሠራው ቸርነቷ ነው። ዘጠነኛው መላሽ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም በተለመደው መጠን ማገልገል ግዴታዋ መሆኑን ማስተማራቸውን ጠቅሰው፣ የነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ የፋጢማን (ረ.ዐ) ታሪክ በማስረጃነት አቀረቡ። ፋጢማ እህል በወፍጮ ከመፍጨት ብዛት እጇ ቆስሎ አገልጋይ ለመጠየቅ ወደ አባቷ ሄደች፤ ስላላገኘችው ጉዳይዋን ለነቢዩ ባለቤት ለዓኢሻ ነግራ ተመለሰች። ነቢዩም በሌሊት፣ ፋጢማና ባሏ ዓሊይ ከተኙ በኋላ መጥተው አገልጋይ በመስጠት ፈንታ ከመኝታ በፊት ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34 ጊዜ እንዲሉ አስተማሯቸው። ዘጠነኛው መላሽ ከዚህ የሚረዱት ዓሊይ ሥራውን ከእርሷ ላይ እንዲያነሣ አለመታዘዙን ነው።

ስምንተኛዋ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ነገር አነበቡ። ልጃቸው ስለ ድካሟ በመናገሯ ነቢዩ አልገሠጿትም፤ ትምህርቱንም የሰጡት ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይቆዩ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስም ይወጡ እንደነበር መመለሷን ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ የሚያውቅ ባል የቤት ሥራ ክብሬን ይነካል ሊል አይችልም፤ እዚህ ላይ ከስምንተኛዋ ጋር ነኝ፤ የሊቃውንቱ ልዩነት የሚስትን ግዴታ እንጂ የባልን ምሳሌ የሚመለከት አይደለምና።

ዐሥረኛው መልስ ከክርስትና በኩል ተጓዳኝ አመጣ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ስለ ጋብቻ በጻፈው ጽሑፍ የልጁን የሽንት ጨርቅ የሚያጥብ አባት በሰው ዘንድ ቢሳቅበትም፣ በእምነት እስካደረገው ድረስ እግዚአብሔር ከመላእክቱ ሁሉ ጋር እንደሚደሰትበት አስተምሯል። ጸሐፊው ሉተር በሌሎች ጉዳዮች የባልን የበላይነት የሚያምን ሰው እንደነበር አልደበቁም። ያም ሆኖ ለእርሱ ራስ መሆንና ጨርቅ ማጠብ አልተጋጩም።

መልስ 11

ከፋቹ ተመለሱ። ወጥ ቤት ውስጥ ማን ይቆማል የሚለው ዝርዝር እንደሆነና የእርሳቸውን ድምዳሜ እንደማይነካ ጻፉ። ለመላሾቹ ሁሉ እርስዎ እያሉ ቢጽፉም መጠነኛ መከፋት ይነበብባቸዋል።

መልስ 12 እስከ 15

ከዚህ በኋላ ቃሉ እየከረረ ሄደ። ዐሥራ ሁለተኛው መላሽ እስልምና ከመነሻው ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ ሲፈቅድ፣ ክርስቲያናዊት ነኝ በምትለው እንግሊዝ ግን ያገባች ሴት እንደ ልቧ የምታዝዝበት የራሷ ንብረት በሕግ በሚገባ የተረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ሕግ መሆኑን አነሡ። እውነቱ እውነት ነው፤ አቀራረቡ ግን የማሸነፍ መንፈስ ነበረበት። ዐሥራ ሦስተኛዋ የእንግሊዝ ሕግ ከወንጌል የተቀዳ አለመሆኑን ተናግረው፣ በአጸፋው በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 11 ለወንድ ልጅ የሁለት ሴት ልጆች ድርሻ መደንገጉን አመጡ። ለዚህ የሚሰጠው የታወቀ መልስ ወንዱ የቤተሰብ ቀለብ ግዴታ ስላለበት ነው የሚል ነው፤ አልተቀበሉትም፤ ግዴታውን የማይወጣ ወንድም ድርሻውን አይነጠቅምና።

ዐሥራ አራተኛው መላሽ አንቱታውን ትቶ አንተ ማለት ጀመረ። የ4፥34ን መጨረሻ፣ ባሏ እምቢተኝነቷን የሚፈራባት ሚስት ከምክርና ከመኝታ መለየት በኋላ ስለ መመታቷ የሚናገረውን ቃል፣ እንዲሁም እስከ አራት ማግባትን የሚፈቅደውን 4፥3 አንሥቶ ስለ ፍቅርና እዝነት የተጻፈው ሁሉ መሸፋፈኛ ነው አለ። ዐሥራ አምስተኛው ደግሞ በዚያው አነጋገር መለሰለት፤ በባሎቻቸው የተደበደቡ ክርስቲያን ሴቶች መስቀላችሁን ተሸከሙ እየተባሉ ወደ ቤታቸው የተመለሱበትን ብዙ ዘመን አስታወሰው። እነዚህ ሁለት መልሶች ስለ ተመታችው ሴት አልተጻፉም፤ ተቃራኒን ለመምታት ነው የተጻፉት፤ ይህም ያሳዝነኛል።

መልስ 16

የሦስተኛው መልስ ጸሐፊ፣ የፊቅህ መምህርቷ፣ ተመልሰው ጉዳዩን ከስድብ አወጡት። አንቀጹ ቁርኣን ውስጥ እንደሌለ ማስመሰል አያስፈልግም፤ ሊቃውንቱ እንዴት እንዳነበቡት ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ነቢዩ ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ዓኢሻ የተናገረችውን የሐዲስ ሰብሳቢው ሙስሊም ዘግበዋል፤ የመካው ቀደምት ሊቅ ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕም ባል ሊቆጣ እንጂ ሊመታ እንደማይገባው ፈርደዋል። ከአንድ በላይ ስለ ማግባትም 4፥3 ፍትሕን መስፈርት ሲያደርግ በዚያው ሱራ ቁጥር 129 ደግሞ በሚስቶች መካከል ፍጹም ማስተካከል እንደማይቻል መነገሩን አስታወሱ፤ ቱኒዝያ እ.ኤ.አ. በ1956 ብዙ ሚስት ማግባትን ስትከለክል ከቀረቡት መከራከሪያዎች አንዱ ይህ ነበር። የሞሮኮም ሕግ በ2004 ሲሻሻል የቤተሰቡን ኃላፊነት በባልና በሚስት በጋራ ላይ አኑሯል።

ቀጥለው ያደረጉት ነገር ክሩን ሁሉ አበረደው። ሙስሊሟ መምህርት ለክርስቲያኑ ተከራካሪ የራሱን የቤተ ክርስቲያን አባት ጠቀሱለት፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በቆሮንቶስ አንደኛ መልእክት ላይ በሰጠው 26ኛ ስብከቱ ሚስቱን የሚመታን ባል አጥብቆ እንደሚያወግዝ፣ ለባል ከዚህ የከፋ ውርደት እንደሌለ እንደሚያስተምር ጻፉ። የሌላውን ወገን ምርጥ ቃል ፈልጎ ማምጣት በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ከስንት አንዴ የሚታይ ነው።

መልስ 17

የመድረኩ አስተባባሪ አንተ እያሉ የተሳደቡትን ሁለቱን ገሥጸው፣ ከእንግዲህ ጥቅስ የሚያመጣ ሁሉ የራሱን ወገን ግዴታ የሚናገረውን እንዲያስቀድም ጠየቁ። ሐሳቡ ከመልስ 5 የተወሰደ መሆኑን ጠቅሰዋል።

መልስ 18

ስለ ፍች የተጻፈ ረጅም መልስ ነው። ኢየሱስ በማርቆስ ምዕራፍ 10 ፍችን አጥብቆ መከልከሉ፣ በማቴዎስ 19 ዝሙት በልዩ ሁኔታ መጠቀሱ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሕግ የተፈጸመና በሩካቤ የጸና የክርስቲያኖች ጋብቻ አይፈታም ስትል የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ግን ለሰው ድካም በመራራት እስከ ሦስተኛ ጋብቻ ድረስ መፍቀዳቸው ተዘርዝሯል። ከዚህ ሁሉ የበሪራ ታሪክ በልጦ ተነበበልኝ። በሪራ ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ነበረች፤ ባሏ ሙጊስ ገና ባሪያ ስለነበር በትዳሩ የመቆየት ወይም የመተው ምርጫ ተሰጣት፤ መተውን መረጠች። ሙጊስ በመዲና መንገዶች እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ይከተላት ነበር። ነቢዩ ብትመለሽለት ምን አለ ሲሏት ያዝዙኛልን ብላ ጠየቀች፤ ማማለዳቸው ብቻ መሆኑን በነገሯት ጊዜ እንደማትፈልገው ተናገረች፤ ነገሩም በዚሁ አበቃ። ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ የዘገቡት ይህ ታሪክ የሴት ፈቃድ ለነቢይ ምልጃ እንኳ የማይታጠፍበት ስፍራ እንዳለ ያሳያል፤ ባል ያዝዛል ለሚለው ድምዳሜ ከዚህ የበለጠ ጠንካራ መልስ በዚህ ክር አላየሁም።

መልስ 19

ከመንገድ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ያስተምራል። ቤተሰብ በሥጋ ልደት ብቻ እንደማይመሠረት ሁለቱም ሃይማኖቶች ያምናሉ ይላል። በእስልምና አንዲት ሴት ያጠባቻቸው ልጆች ወንድማማች ስለሚሆኑ መጋባት አይችሉም (4፥23)፤ በክርስትናም የክርስትና አባትና እናት መሆን ዝምድናን ይፈጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ692 የተደረገው የትሩሎ ጉባኤ በ53ኛ ቀኖናው የክርስትና አባት ባሏ የሞተባትን የልጁን እናት እንዳያገባ ከልክሏል። የሌላን ሰው ልጅ በራስ ስም መጥራትን ቁርኣን በ33፥5 ቢከለክልም እስልምና ወላጅ አልባን ማሳደግ ታላቅ ምግባር ያደርገዋል፤ ከፋላ የሚባለው ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ላይ በስሙ ተጠቅሷል።

መልስ 20

አንዲት ሴት የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ አባታቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ከአልጋ መነሣት አይችሉም። ክርስቲያን የሆኑት ወንድሞቻቸው ገንዘብ ይልካሉ እንጂ አይመጡም። ባላቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆኖም ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ ከቤት አትወጣም የሚለውን ይዘው በየቀኑ ወደ አባታቸው ቤት መሄዳቸውን ተቃውመዋል። ማንን እንዲታዘዙ ጠየቁ። ጽሑፋቸው አጭር ነው፤ ማንንም አይወቅስም።

መልስ 21

የክሩ ከፋች ቀድመው መለሱ፤ ባልን እንዲታዘዙና በትዕግሥት እንዲለምኑት መከሩ። በኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል ዘንድ ለባል መታዘዝ እናትን ከመታዘዝ እንደሚቀድም በትክክል ጠቅሰዋል።

መልስ 22

መምህርቷ ያ አንድ አቋም ብቻ መሆኑን አስረዱ። የሀነፊ መዝሀብ ሊቃውንት አባቷ የታመመና የሚያገለግለው ያጣ እንደሆነ ሴት ልጁ ባሏ ቢከለክላትም እንኳ ሄዳ እንድታስታምመው ጽፈዋል፤ አባቷ ሙስሊም ይሁን አይሁን ለውጥ እንደማያመጣም በግልጽ አክለዋል። ቁርኣን በ31፥15 ወላጆች በአምላክ ላይ እንድታጋራ ቢታገሉህ በዚያ አትታዘዛቸው፣ በዚህ ዓለም ግን በመልካም ተወዳጃቸው ማለቱን፣ አስማእ ቢንት አቢ በክርም ጣዖት አምላኪ እናቷ በመጣችባት ጊዜ ዝምድናዋን እንድትቀጥል በነቢዩ መታዘዟን አመጡ። ለባልየውም 4፥19ን በተለይ እንዲያነቡት ላኩላቸው፤ ቃሉ ለእርሳቸው ነውና።

መልስ 23

የሁለተኛው መልስ ጸሐፊ ለወንድሞች ጻፉ። ኢየሱስ በማርቆስ ምዕራፍ 7 አባትና እናት ሊጠቀሙበት የሚገባውን ቁርባን (ለእግዚአብሔር የተለየ መባ) ነው ብለው ከወላጆቻቸው የሚያስቀሩትን ሰዎች ነቅፏል፤ ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለራሱ ቤተ ሰዎች የማያስብ ሃይማኖትን እንደካደ፣ ከማያምንም ሰው ይልቅ እንደሚከፋ ተናግሯል። ገንዘብ መላካቸው መልካም ነው፤ ሌሊት አባታቸውን የሚያገላብጣቸው ግን ገንዘቡ አይደለም። ይህች ዓረፍተ ነገር ጠንከር ያለች ናት፤ ለእኔ ግን ትክክለኛዋ ናት። በመልስ 20 ጉዳይ ሁሉም ሰው ዓይኑን በልጅቷ መታዘዝ ላይ አድርጎ ሳለ ያልታዘዙት ሌሎች ነበሩ።

መልስ 24

ሴትየዋ ተመልሰው አመሰገኑ። የሀነፊዎቹን ቃል ለባላቸው፣ የማርቆስን ምዕራፍ 7 ለታላቅ ወንድማቸው እንደላኩ፣ ከሁለቱም ገና መልስ እንዳላገኙ ጻፉ። እስከዚያው ግን በአባታቸው ጀርባ ላይ መቅላት መጀመሩን አይተዋልና እርሱን እንዴት መከላከል እንደሚችሉ የሚያውቅ ሰው እንዲነግራቸው ለመኑ።

መልስ 25

በነርስነት የሚሠሩ አንባቢ መለሱ። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎን እንዲቀይሩላቸው፣ በጎናቸው ሲተኙ በጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ እንዲያደርጉ፣ ተረከዞቻቸው ፍራሹን እንዳይነኩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ባለው እግር ሥር ትራስ እንዲያስገቡ፣ አንሶላው እንዳይጨማደድና እርጥበት እንዳይዝ እንዲጠብቁ፣ የቀላውንም ቦታ እንዳያሹት አስጠነቀቁ። መቅላቱ በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም እንዲያሳዩ፣ የሁለት ሰዓቱን ተራ ግን አንድ ሰው ብቻውን ቀንና ሌሊት ሊወጣው ስለማይችል ከወንድሞቻቸው ጋር የሌሊት ተረኛ የሚመደብበት ወረቀት አዘጋጅተው በአልጋው ራስጌ እንዲለጥፉ መክረዋል።